የወባው ኪኒን እና የእጸገነት ጣቶች

ካዛንቺስ የተዳረች ሴት ሁሉ፣ እጸገነት እንደምትለው ከሆነ፣ አንድ ቀን ጭንቅላቷን በእጸገነት ጉልበቶች መሀል አስቀምጣለች። ነገሩ ግነት አለው፤ ስለ ሙያዋ ስታወራ ግነት አይጎድላትም። ግን ፍጹም ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። ልጅ ሆና ሁመራ ላይ የጎረቤት ሕፃናትን ፀጉር መጎንጎን ከጀመረች ወዲህ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አልባሶ የሚፈልግ፣ ቀጭን ሹሩባ የሚፈልግ፣ ለልጁ ክርስትና የሚጣደፍ፣ ሁሉም ወደ እሷ ነበር። ሚዶዋን ይዛ ፀጉር መሀል መንገድ ስታወጣ የሚያያት ሰው፣ በማስመሪያ ያሰመረች ይመስለው ነበር።

የካዛንቺሱ የቀበሌ ቤቷ ለመንገድ ሥራ ሲነሳ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ ገባች። ጎረቤቶቿ ከተማው ዳር ድረስ ተበተኑ። ደንበኞቿ ግን ሁለት ታክሲ እየቀያየሩ መጡላት፣ እሷም በረንዳው ላይ ዱካዋን አስቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። ሰፈር ቢያልቅም ፀጉር ያድጋል፤ ከዚህ በላይ አልተፈላሰፈችም።

ጣቶቿ ያመፁት ይሄኔ ነው። ጠዋት ስትነሳ አይታጠፉም። አንጓዎቿ ያብጣሉ፣ ይግላሉ፤ የሻይ ብርጭቆ ለመጨበጥ ረፋድ እስኪሆን መጠበቅ አለባት። የሚያውቋት ሁሉ ምርመራውን ባንድ ቃል ጨረሱት፦ ብርድ ነው። አንዷ የሞቀ ጨው አዘዘች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛዋ ጠበል። ሁሉንም አደረገች። ጣቶቿ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን «ይብላኝ ለፀጉራቸው» ብላ ታርፈው ነበር። አሁን ግን ሲምረት፣ አንድዬ ልጇ፣ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሀበሻ ቀሚስና በሹሩባ። አባቷ በልጅነቷ ነው የሞተው፤ እጸገነት በዚህች ልጅ ላይ ብዙ ነገር አልማለች፣ ግማሹ ሆኗል፣ ግማሹ አልሆነም። አንዱን ግን ሲምረት ገና ጡት ሳትተው ጀምራ ለሰፈሩ ሁሉ ስትናገር ኖራለች፦ የልጄን የሠርግ ፀጉር ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። አሁን የምትፈራው ሕመሙን አይደለም። ያን ቀን ቆማ የሌላ ሰው እጅ ልጇ ፀጉር ውስጥ ሲገባ ማየትን ነው የምትፈራው።

ስለዚህ በጥቅምት ወር ሐኪም ቤት ሄደች። ዶክተር አርያም የምትባል፣ ገና ወጣት የሆነች ሴት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች አየቻቸው፤ የደም ምርመራውንም አነበበች።

«ይሄ ብርድ አይደለም እናቴ» አለቻት። «ሰውነትዎ የገዛ መገጣጠሚያውን ጠላት ነው ብሎ እየተዋጋው ነው።»

«ዘበኛው የቤቱን ባለቤት ሌባ ነው ብሎ ሲደበድበው ማለት ነው?»

ዶክተር አርያም ሳቀች። «እንደሱ ይበሉት። የማዝዝልዎት መድኃኒት አሮጌ ነው። የወባ መድኃኒት ነበር። በጦርነት ጊዜ የዚህ ዓይነት ኪኒን ለወባ ሲውጡ የነበሩ ወታደሮች፣ አንዳንዶቹ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ጋብ አለላቸው። ከዚያ ወዲህ ለእንደርስዎ ዓይነቱ በሽታ እንሰጠዋለን። በየቀኑ ከምግብ በኋላ ይውሰዱ፤ ከሁለት ወር በኋላ እንገናኛለን።»

እጸገነት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው አንድ ቃል ነው፤ ወባ። ሌላው በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ሄደ። ወባ ማለት ለእሷ ሁመራ ነው፤ አባቷ ወባን በትግርኛ እየጠራ «ዓሶ መጣ» ብሎ ብርድ ልብስ የሚደራርብላት፣ ክረምት ሲወጣ ቤት ለቤት የሚዞር ትኩሳት። ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ፋርማሲ የገዛችውን ፓኮ ስትከፍት አንዱን ኪኒን ምላሷ ጫፍ ላይ አድርጋ ቀመሰችው። መራራነቱ ያው ነው። ድንገት አባቷ ናፈቃት፤ እዚያው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች።

የወባ ኪኒን ደግሞ ሦስት ቀን ነው። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። መጀመሪያ ጠንከር ተደርጎ ይዋጣል፣ ከዚያ ይቀነሳል፣ በሦስተኛው ቀን ያበቃል፤ ከዚያ የዳነ ይድናል። እጸገነትም ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳታይ፣ አባቷ ይሰጣት እንደነበረው፣ ባንዴ ብዙ ዋጠች። ጆሮዋ ጭው አለ። ራሷን ሲያዞራት ከሰዓት በኋላ ጋደም አለች።

ያን ቀን ያየችውን ሕልም ለማንም በትክክል መንገር አልቻለችም። ተከዘ ነበር። ከወንዙ ዳር ግን የሁመራ ቤቶች አልነበሩም፤ ያለው ካዛንቺስ ነው፣ ያልፈረሰው ካዛንቺስ፣ ከነቆርቆሮ አጥሩ፣ ከነሱቁ፣ ከነጠባብ መተላለፊያው። ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ውሃው ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ከትከሻቸው ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ወንዙም ይዞት ይሄዳል። እሷ ከአንዷ ወደ አንዷ እየተሻገረች ትጎነጉናለች። ጣቶቿ ይታጠፋሉ። የጎነጎነችው ፀጉር የት እንደሚያልቅና ውሃው የት እንደሚጀምር መለየት ያቅታታል፣ አያሳስባትም። ከሩቅ አባቷ ሰሊጥ ሲያበራይ ድምፁ ይሰማታል፤ ሊመጣ ነው፣ አልመጣም፣ ሊመጣ ነው። ስትነቃ የጉንጯ ቆዳ በደስታ ሞቆ ነበር።

ጣቶቿ ግን ያው እንደ ደረቀ እንጨት ነበሩ።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን ሕልሙ መጣ፤ ልክ ካቆመበት ቀጠለ። በአራተኛው ቀን ኪኒኑን ተወችው። ሳምንት ጠበቀች፣ በእጇ ላይ አንዳች ለውጥ የለም። «ድሮስ የወባ ነገር ለእጅ ምን ያደርጋል!» ብላ ተናደደች፤ ፓኮውን ቁምሳጥን አናት ላይ ወረወረችው።

በዚያው ሰሞን የእህቷ ልጅ ረዳኢ ሊሰናበታት መጣ። ረዳኢ አይሱዙ ነጂ ነው፤ አርባ ምንጭ ወርዶ ሙዝ ሊያመላልስ ነው፣ ሥራው ከወር በላይ ይወስዳል። በእነእጸገነት ቤት ደግሞ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በሶና ኪኒን ሳይያዝለት ከደጅ አይወጣም፤ እናቷም የእናቷ እናትም እንዲህ ነበሩ። በሶውን ቋጥራ ስታበቃ ዓይኗ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አረፈ።

«ይቺን ያዝ» አለችው። «የወባ ናት። እኔ የሦስት ቀኔን ጨርሻለሁ።»

«አክስቴ፣ እኔን እኮ ወባ አይደፍረኝም። በቃ፣ ከነከሰችኝ ትንኟ ራሷ ናት የምትታመመው።»

«አፍህን ዝጋና ያዝ! ትኩሳት ሲጀምርህ ቶሎ ዋጥ።»

ረዳኢ ግንባሯን ስሞ ፓኮውን ኪሱ ከትቶ ሄደ። እሷም የሰው ልጅ ረዳሁ ብላ ደስ ብሏት ዋለች።

ኅዳር ሲገባ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ እጇ ባሰበት። አምሳለ፣ የካዛንቺስ የጥንት ደንበኛዋ፣ ከሩቅ ኮንዶሚኒየም ድረስ መጥታ ተሠርታ ሄደች። መስታወት ስታይ መንገዱ መሀል ላይ ጠምዘዝ ማለቱን አየች፣ እጸገነትም ማየቷን አየች። አምሳለ ምንም ሳትናገር አመስግና ወጣች፣ በሳምንቱም በወሩም አልተመለሰችም። እጸገነት ለዚህ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ቂም ይዛለች፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ሁለተኛው፣ ሕልሙ ቀረ። ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ መሀሉ ባዶ ነው። የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን ከእጇ ይልቅ ያ ሕልም ነበር የናፈቃት። እዚያ ሙሉ ሰው ነበረች።

ሲምረት ደግሞ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ነገር ሁሉ አስቀድሞ መያዝ አለበት ባይ ናት። አንድ እሑድ ስልኳን እየነካካች አጠገቧ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ ማለቴ፣ እንዳይከፋሽ። ወሎ ሰፈር አንድ ቆንጆ ሳሎን አለ፣ ሹሩባ ላይ አሪፍ ናቸው። ጀስት ለሴፍቲ ቡክ ላርግ? አንቺ ከተሻለሽ እንሰርዘዋለን፣ በቃ።»

እጸገነት ወሽመጧ ብጥስ አለ። ልጅቷ ግን ክፉ አላሰበችም፤ ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት እንጂ ንቀት አልነበረም፤ ይህም ነገሩን አባሰው።

«አድርጊ» አለቻት። ከዚያ ጓዳ ገብታ የታጠፈ አንሶላ እንደገና ስታጥፍ ቆየች።

ረዳኢ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ተመለሰ። በሩን ሲያንኳኳ አላወቀችውም፤ ጉንጩ ገብቶ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶ ነበር። ትኩሳቱ ሲጀምረው የሰጠችውን ኪኒን ተማምኖ ዋጠ፣ ሐኪም ቤት ሳይሄድ ከረመ፣ በመጨረሻ ከመኪናው ላይ በሰው ትከሻ ነው የወረደው።

«የጤና ጣቢያው ሰውዬ ፓኮውን ገልብጦ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ወንድሜ፣ አንተ እኮ የሪህ መድኃኒት ነው የምትውጠው!› በቃ እዚያ ያለ በሽተኛ ሁሉ ሳቀብኝ» አለ፤ እሱም ሊስቅ ሞክሮ አሳለው። የተረፉትን ኪኒኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «ትክክለኛውን ሰጥተውኝ ዳንኩ፣ አክስቴ። አታልቅሺ እንጂ!»

እንዴት አታልቅስ። የእህቷን ልጅ በገዛ እጇ ልትገድለው ነበር። ያን ቀን ቂርቆስ ሄዳ ደጀ ሰላሙ ሥር ተደፍታ ስታመሰግን፣ ምስጋናው መሀል ላይ እየተቆረጠ ይቅር በለኝ ይሆንባት ነበር።

ዶክተር አርያም ዘንድ ቀጠሮዋ ሲደርስ ሁሉንም አፍረጠረጠችው፤ ሦስቱን ቀን፣ ባንዴ የዋጠችውን ብዛት፣ ረዳኢን። ሐኪሟ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ እጇን በገዛ ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ጥፋቱ የእኔም ነው። የወባ ነው ብዬ ሳበቃ፣ እንደ ወባ አይወሰድም ማለት ነበረብኝ። ሁለተኛ እንደዚያ ብዙ ባንዴ እንዳይውጡ፣ አደገኛ ነው። ለሰውም አይስጡ። ልጁን የያዘው ወባ ይህን ዓይነቱን መድኃኒት ከለመደው ቆይቷል።»

«ታዲያ ትንኝ ያመጣችውን ያቃተው የእኔን ጣት ይችላል?»

«እዚህ ሥራው ሌላ ነው እናቴ። እዚያ ተባይ ነበር የሚገድለው። እዚህ ያንን የተናደደውን ዘበኛ ነው የሚያባብለው፤ ማባበል ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም፣ አልዋሽዎትም። ዓይንዎንም እያስመረመሩ ነው የሚወስዱት።»

እጸገነት ሻርፗን እያፍተለተለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ሕልም ያመጣል?»

«አንዳንድ ሰው ላይ። ከረበሸዎት ይንገሩኝ፣ እናየዋለን።»

«ኧረ አይረብሸኝም!» አለች፤ ማዘዣውን ቀለሙ ሳይደርቅ ከሐኪሟ እጅ ነጠቀች።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። እጸገነት ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኗን ሳታዛንፍ የወሰደችው በሕክምናው አምና አይደለም። እጇን ተስፋ ቆርጣበታለች፤ ለሳሎኑ እሺ ብላለች። የወሰደችው ለሕልሙ ነው። ሌላው ሰው ዘመድ ጥየቃ ታክሲ እንደሚይዝ፣ እሷ ከምሳ በኋላ ኪኒኗን ውጣ ጋደም ትላለች። የሚያስቀው፣ ሐኪሟ የፈለገችው ልክ ይህንኑ ነበር፤ በየቀኑ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሳይቋረጥ።

ሕልሙ ተመልሶ መጣ። እንደ በፊቱ ጎርፍ አልነበረም፣ ለስለስ አለ። ተከዘ ይወርዳል፣ ካዛንቺስ ቆሟል፣ ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጠብቃሉ። ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ። ቀንና ሕልሙ እየተቀላቀሉባት ሄዱ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የቂርቆስን ደወል ስትሰማ ከወንዙ ማዶ የሚደወል ይመስላታል። ሲምረት ከሥራ ስትመለስ እናቷን ዓይኗ ተከድኖ፣ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ቀስ እያሉ ሲንቀሳቀሱ ታገኛታለች።

«ማሚ ደግሞ ሥራ ገብታለች» ትላለች በሹክሹክታ፤ እንዳትቀሰቅሳት ጫማዋን አውልቃ ታልፋለች።

በስቅለት ዕለት እጸገነት ቀኑን ሙሉ ቂርቆስ ስትሰግድ ዋለች። መሬቱን በሁለት መዳፏ እየገፋች፣ እየተነሳች፣ እየወደቀች፣ ከሕዝቡ ጋር። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃታት። «ጭኔን! ጉልበቴን!» እያለች ስታማርር ሲምረት ቅባት አመጣችላት። እጸገነት ቅባቱን ከፍታ፣ ጭኗን ራሷ አሽታ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ መለሰችላት። ስለ ጣቶቿ ማማረር እንደረሳች ሁለቱም ልብ አላሉም። ሲታመም ስንት የተወራለት ጣት ሲሻለው የሚያስታውሰው ጠፋ።

የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው ድንኳን ተተክሎበት የሴቱ ጫጫታ ይሰማል። ሲምረት ፀጉሯን ታጥባ፣ ወደ ወሎ ሰፈር የሚወስዳትን መኪና ጠርታ፣ እስኪመጣ ድረስ እናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። እጸገነት ከማለዳ ጀምራ ስትሯሯጥ ውላ ደክሟታል፤ ምሳዋን በልታ፣ ኪኒኗን ውጣ፣ ዱካዋ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ዓይኗ ከደን አለ። ሲከፈት፣ ከፊቷ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ተበትኖ ይወርዳል።

ሌላ ሕልም የለም፣ ያው ሕልም ነው። እጸገነት ጉልበቷን ከፈት አድርጋ ጭንቅላቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ሚዶዋን መስኮቱ ሥር ካለበት አነሳች። ከግንባር እስከ ማጅራት መንገድ አወጣች፣ ከፈለች፣ ጀመረች።

ሲምረት ስልኳን ጭኗ ላይ አወረደች። ዞራ ልታይ ፈለገች፣ ግን ፈራች። የእናቷ ጣቶች አናቷ ላይ ሲሮጡ ይሰማታል፤ በልጅነቷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እንደሚሰማት፣ ያ ፈጣን ነገር። የስልኩ መስታወት ላይ ጎንበስ ብላ አየች፤ መንገዱ ቀጥ ብሏል። ሹፌሩ ደወለ። አላነሳችም። ደግሞ ደወለ፤ ስልኩን ጭኗ ሥር ሸጎጠችው። አንዱ መስመር አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ፣ ከውጭ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እጸገነት አፏን ገጥማ አንድ የድሮ የሁመራ ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ልጅቷ እንዳትንቀሳቀስ ምንጣፉን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። የጆሮ ግንዷ አጠገብ ሲደርስ ግን አልቻለችም።

«ኡፍ! ማሚ፣ ጠበቀኝ! ኧረ ያማል!»

የእጸገነት እጅ ቀጥ አለ።

በዚያ ሁሉ ወር፣ ተከዘ ዳር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷም አመመኝ ብላ አታውቅም። ወንዙ አልነበረም። ምንጣፉ ነበር፣ ድንኳኑ ነበር፣ ሲምረት ነበረች፤ እንባ የሞላ ዓይኗን ወደ እናቷ አዙራ። እጸገነት መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ከዚያ የተጎነጎነውን፣ ከዚያ ጣቶቿን። አጠፈቻቸው። ዘረጋቻቸው።

«ያማል?» አለች።

«በጣም!»

«እሰይ» አለች እጸገነት። «እሰይ ልጄ።» እንባዋ ሲምረት አናት ላይ ጠብ ጠብ እያለ፣ ሚዶዋን አንስታ ቀጣዩን መንገድ አወጣች።